በጋራ የሚሠራ ሶፍትዌርና የባለሙያው ድርሻ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ የጊንጪ ነዋሪ ፋይዳ የተባለውን የዲጂታል መታወቂያ ለማውጣት ተሰልፎ ስሙንና የጣት አሻራውን ሲሰጥ፣ መረጃውን የሚቀበለው ሥርዓት የታነጸው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። ይህም በሕንድ አገር በባንጋሎር ከተማ በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ ሥራ ነው። በጉደር ወይም በጌዶ ጤና ጣቢያ የወሩ የክትባትና የወሊድ ቁጥር ተደምሮ ወደ ላይ የሚተላለፍበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ መነሻው ደቡብ አፍሪካ፣ ማዕከሉም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእጅ ስልኩ በአማርኛ ሲጽፍም ፊደሉ የሚታየው፣ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሰላው፣ ብዙ እጆች በጋራ ባዘጋጇቸው ፎንቶችና የፕሮግራም ክፍሎች አማካይነት ነው።

እነዚህን ሥራዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ይኸውም የተጻፉበት ምንጭ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊለውጠው፣ ለሌላም ሊያስተላልፈው ይችላል። እንግዲህ አስፈላጊ የሚሆነው ጥያቄ «ይህ ሶፍትዌር የማን ነው?» የሚለው ሳይሆን «ሲጎድል የሚሞላው፣ ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው?» የሚለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። መልሱም ባጭሩ ይህ ነው፦ በአንድ አካባቢ ብቻ የሚታየውን ጉድለት የዚያ አካባቢ ባለሙያ ካላመለከተው፣ ሌላ የሚያየው አይኖርም።

ሀ. የክፍት ምንጭ ሥርዓት ምንነት

ማንኛውም ፕሮግራም በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ወደሚያውቀው የቁጥር ቋንቋ ይተረጐማል። ብዙ የሶፍትዌር ነጋዴዎች ለገዢው የሚሰጡት ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ቆልፈው ያስቀምጡታል። ስለዚህ ገዢው በፕሮግራሙ ይሠራል እንጂ ውስጡን ሊያይ፣ ጉድለቱንም በራሱ እጅ ሊያርም አይችልም።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ይህን አሠራር በመቃወም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት መጀመሩን አስታወቀ። በ1989 ደግሞ ለማንም የመጠቀም፣ የመመርመር፣ የመለወጥና የማከፋፈል መብት የሚሰጥ የፈቃድ ውል ወጣ። በውሉ መሠረት ፕሮግራሙን አሻሽሎ ለሌላ የሚያከፋፍል ሰው ምንጩንም አብሮ መስጠት ይኖርበታል። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን መነሻ ለሕዝብ ለቀቀ። «ክፍት ምንጭ» የሚለው መጠሪያ የተለመደው ከ1998 ወዲህ ነው።

የሁለቱን አሠራሮች ልዩነት ለመረዳት ከምዕራብ ሸዋ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የበቆሎ ዝርያዎች መካከል ቢኤች 660 እና ቢኤች 540 በሰፊው ይታወቃሉ። ሁለቱም ድቅል ዝርያዎች ናቸው። ገበሬው ምርታቸውን ያውቃል፤ ነገር ግን ከማሳው ያፈሰውን በቆሎ ለከርሞ ዘር ቢያደርገው የመጀመሪያውን ምርት አያገኝም። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ግድ ይሆንበታል። ከራሱ ማሳ መርጦ ለከርሞ የሚያስቀምጠው የአገር ቤት ዘር ግን ከጎረቤቱ ጋር ይለዋወጠዋል፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ከመሬቱ ጋር ያላምደዋል። ዝግ ሶፍትዌር የድቅሉን ዘር፣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ደግሞ ገበሬው የሚያስቀምጠውን ዘር ይመስላል። ይህ ሲባል አንዱ ክፉ ሌላው ደግ ነው ማለት አይደለም፤ ድቅሉ ብዙ ጎተራ ሞልቷል። ልዩነቱ ያለው መራጩና አላማጁ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ዘሩ በእጁ የሆነለት ገበሬ ካልመረጠና ካላላመደው የእጁ ዘር ብቻውን አይሻሻልም። የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርም ነገር እንዲሁ ነው።

ለ. የኢትዮጵያ ፊደል ከኮምፒዩተር የገባበት መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ልዩ ልዩ ድርጅቶችና ግለሰቦች የኢትዮጵያን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን አዘጋጅተዋል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና አጋፋሪ ከእነዚህ መካከል ይታወሳሉ። ሥራው የሚያስመሰግን ነበር፤ ነገር ግን አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት፣ «ለ» የነበረው የላቲን ምልክት፣ «መ» የነበረውም ሌላ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር።

ችግሩን ለማቃለል ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የኢትዮጵያን ፊደላት በላቲን ሆሄያት ወክሎ በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ለመላላክ የሚያስችል ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ ላይ ተመሥርቶ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ፊደል እንዲያስተናግድ የሚያደርገውን ክፍል የጻፈው ግን ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነበር። ኢማክስ የዓለምን ቋንቋዎች ሰላምታ ደርድሮ የሚያሳይበት አንድ ገጽ አለው፤ በዚያ ገጽ ላይ አማርኛው «ሠላም» ይላል።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥር ሰጥቶ መዘገበ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ለጉራጌ፣ ለቤንች፣ ለጉሙዝና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። ዳንኤል ያዕቆብ የመሠረቱት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በዚህ ሥራ፣ እንዲሁም የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞችን ወደ አማርኛ በመተርጐም ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። የአቢሲኒካና የኖቶ ፎንቶች በነጻ ፈቃድ ተለቀቁ። ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም የአማርኛም የአፋን ኦሮሞም ገጽ አለው። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ማይክል ጋሰር ደግሞ የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ርባታ የሚተነትን ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ጽፈው በክፍት ፈቃድ አበረከቱ።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በየዕለቱ የሚጠቀምበትን ሥራ ለመሥራት ጥቂት ሰዎች በቂ ሆነው መገኘታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከእነዚህ ጥቂቶች ብዙዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወይም ጨርሶ የሌላ አገር ሰዎች መሆናቸው ነው። የእነርሱ ሥራ በምስጋና የሚወሳ ነው። ሆኖም ፊደልን ከሩቅ ሆኖ መዝገብ ላይ ማስፈር ይቻላል እንጂ፣ በአምቦ ወይም በባኮ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ በየዕለቱ የሚያጋጥመውን እንከን ከሩቅ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ሐ. ከቅርብ ብቻ የሚታይ ጉድለት

በምዕራብ ሸዋ ዞን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ጽሕፈቱም ቁቤ ነው። በቁቤ ውስጥ ሁድሃ የተባለ ምልክት አለ። ቅርጹ ከላይ እንደ ተሰቀለ ነጠላ ሰረዝ ያለ ሲሆን፣ በሁለት አናባቢዎች መካከል ድምፅ በጉሮሮ ተቋርጦ መነገሩን ያመለክታል። «ጥቅም» ወይም «ውጤት» የሚል ትርጉም ያለው «ቡኣ» በቁቤ ሲጻፍ ሁድሃ በመካከሉ ይገባል፤ ምልክቱ ሲወድቅ ቃሉ ይበላሻል። በሰዎች ስም ውስጥም ይገኛል።

ችግሩ ይህ ምልክት በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች የጥቅስ መክፈቻና መዝጊያ ሆኖ ማገልገሉ ነው። ያልተጠነቀቀ ፕሮግራመር የተመዝጋቢውን ስም ለመረጃ ቋቱ በሚሰጠው ትእዛዝ መካከል እንዳለ ቢሰካው፣ ሁድሃው ጥቅሱን ይዘጋዋል፤ የቀረው የስሙ ክፍል እንደ ትእዛዝ ይነበባል። ይህ ቀዳዳ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው መዝገቡን የሚሰብርበት በር ስለሆነ፣ ችኩል ፕሮግራመር ነገሩን የሚያስተካክለው ምልክቱን ጨርሶ በመከልከል ነው። በዚህም መዝገቡ ይድናል፤ የሰውየው ስም ግን ይጎድላል። ትክክለኛው መፍትሔ ትእዛዙንና ስሙን ለየብቻ ወደ መረጃ ቋቱ መላክ ነው። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚያስፈልገው ጉድለቱን አይቶ የሚናገር ሰው ብቻ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ለዓይን ሁድሃ የሚመስሉ ቢያንስ ሦስት ምልክቶች በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ አሉ፤ ቀጥ ያለው ጭረት፣ ጎበጥ ያለው የጥቅስ መዝጊያና ለፊደልነት የተመደበው ምልክት። ለሰው አንድ የሆኑት ለማሽን ሦስት ናቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር አምቦ ላይ በአንደኛው ምልክት ብትመዘገብና ባኮ ላይ በሌላው ምልክት ብትፈለግ፣ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ቀድሞ ያደረገችው ምርመራ ታሪክ ሳይገኝ ይቀራል፤ ሐኪሙም እንደ አዲስ ይጀምራል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ይዞ የተሠራ ፕሮግራም ጳጉሜንን የሚያኖርበት ቦታ የለውም። አሥራ ሦስተኛውን ወር ቢጨምርም፣ ወሩ በሦስት ዓመት 5 ቀን፣ በአራተኛው 6 ቀን መሆኑን ማወቅ አለበት። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ የ2019 ዓ.ም.ም እንዲሁ ናት። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከሚያስተናግዱ ሥርዓቶች አንዱ ነው፤ አይሲዩ የተባለው በብዙ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኘው ክፍት ላይብረሪም እንዲሁ ያሰላዋል። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠይቆ፣ አንድ ሰው ጽፎ፣ ሌላው መርምሮ የገባ ነው። የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በቅደም ተከተል የሚጠራው ሕዝብ «የቤተሰብ ስም» በሚል ሣጥን ውስጥ ምን መጻፍ እንዳለበትም ለኦስሎ ወይም ለባንጋሎር ባለሙያ በቀላሉ አይገለጽለትም፤ የሚነግረው ያስፈልገዋል።

መ. አስተዋጽኦ የሚደረግበት ሥርዓት

ብዙዎች አስተዋጽኦ ማለት ከባድ ፕሮግራም መጻፍ ብቻ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው አስተዋጽኦ በሚገባ የተጻፈ የስሕተት ማመልከቻ ነው። «ፕሮግራሙ በአፋን ኦሮሞ አይሠራም» የሚል ማመልከቻ ማንንም አይረዳም። «በዚህ ቁጥር እትም፣ በምዝገባው ገጽ፣ ሁድሃ ያለበት ስም ተጽፎ ሲላክ፣ ሙሉው ስም ይቀመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ከምልክቱ በኋላ ያለው ተቆርጦ ቀርቷል» የሚል ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶታል። ምን እንደ ተደረገ፣ ምን እንደ ተጠበቀ፣ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ያስረዳልና። አንባቢው ሌላ አገር ተቀምጦ ያንኑ ስሕተት በራሱ ማሽን ደግሞ ሊያየው ይችላል።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የታካሚም ሆነ የተመዝጋቢ እውነተኛ ስምና መረጃ ከማመልከቻው ጋር አይላክም፤ ለምሳሌ የሚሆን ስም ይፈጠራል። ስሕተቱ ለሰርጎ ገብ በር የሚከፍት ከሆነ ደግሞ በአደባባይ አይለጠፍም፤ ለፕሮጀክቱ ኃላፊዎች በምስጢር ይላካል።

ከዚህ የሚቀጥለው ደረጃ እርማቱን ራስን ችሎ መጻፍ ነው። ባለሙያው የምንጩን ቅጂ ይወስዳል፤ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ለውጡ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ መፈተኛ አብሮ ይጽፋል፤ ምክንያቱን በአጭሩ አስረድቶ ይልካል። ከዚያ ሌሎች ይመረምሩታል። «ይህ ስም ግልጽ አይደለም፣ ይህ መስመር ሌላውን ክፍል ይነካል» ይሉታል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይቀበሉትም። እንዲህ ያለው ትችት ክብርን እንደ መንካት መቆጠር የለበትም። የድልድይ ንድፍ ያለ ሁለተኛ መሐንዲስ ፊርማ እንደማይጸድቅ ሁሉ፣ ይህም የሙያው ሥርዓት ነው። የተመለሰለትን አስተካክሎ እንደገና የሚልክ ጀማሪ በዚህ መንገድ የሚያገኘው ትምህርት በክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

የኢንተርኔት ድክመትም ሥራውን ጨርሶ አያግድም። ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት የተባለው የለውጥ መመዝገቢያ፣ ሙሉውን የፕሮጀክት ታሪክ በባለሙያው ማሽን ላይ ያስቀምጣል። ባለሙያው ያለ መስመር ሰንብቶ ለውጡን በየደረጃው ይመዘግባል፤ መስመር ሲገኝ በአንድ ጊዜ ይልካል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱ ይታወሳል። እንዲያ ባለ ጊዜ እንኳ ቅጂው በእጁ ያለ ሰው ሥራውን መቀጠል ይችላል።

ለፕሮግራም ጽሑፍ ያልተዘጋጀም ቢሆን የሚሠራው አያጣም። የገጾችን ቃላት መተርጐም፣ የአጠቃቀም መመሪያ መጻፍ፣ የወራትንና የቀናትን ስሞች በየቋንቋው በሚያሰባስበው በዩኒኮድ የአካባቢ መረጃ ፕሮጀክት ላይ መሳተፍ ይችላል። በዚህ መዝገብ የአፋን ኦሮሞ ክፍል ከአማርኛው ያነሰ ነው። የሚሞላውም ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ነው።

ሠ. ስለ ጊዜ፣ ስለ እንጀራና ስለ ጥንቃቄ

«ደመወዝ ለማይከፈልበት ሥራ ማን ጊዜ ይሰጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ለቤተሰቡ እንጀራ የሚሯሯጥን ባለሙያ በነጻ አገልግል ማለት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሂሳቡ በሌላ በኩልም ሊታይ ይገባል። አንድ መሥሪያ ቤት ክፍት ሶፍትዌር ወስዶ ለራሱ ብቻ ያስተካክለዋል እንበል። እርማቱን ወደ ምንጩ ካልመለሰው፣ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያንኑ እርማት እንደ ገና መሥራት አለበት። እርማቱን የጻፈው ሠራተኛ ሥራ የለወጠ ዕለት ደግሞ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል፤ መሥሪያ ቤቱም ማሻሻል በማይችለው አሮጌ እትም ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ወደ ምንጩ የተመለሰ እርማት ግን ከሚቀጥለው እትም ጋር ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ማካፈል ምጽዋት ብቻ ሳይሆን ቁጠባም ነው።

የጋራ ሥራን የሚጠብቁት እጆች ሲያንሱ ምን እንደሚከተልም ታይቷል። የዓለምን የኢንተርኔት ልውውጥ በምስጢር ከሚጠብቁት ዋነኞች አንዱ የሆነው ኦፕንኤስኤስኤል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ከባድ ቀዳዳ ሲገኝበት፣ ሙሉ ጊዜውን የሰጠለት ሠራተኛ አንድ ብቻ እንደ ነበረ ታወቀ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዜድ በተባለው፣ በአብዛኛው አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ይጠብቀው በነበረው ፕሮግራም ውስጥ፣ ለዓመታት ረዳት መስሎ አመኔታ ያተረፈ ሰው የምስጢር በር ሲያስገባ ተደረሰበት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ መነሻው የግንኙነት መክፈቻው ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ማስተዋሉ ነበር። የዜጎች መታወቂያና የጤና መዝገብ በክፍት ሶፍትዌር ላይ በታነጸበት አገር፣ ምንጩን አንብቦ «ይህ ለምን ዘገየ?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይን በአገር ውስጥ መኖሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ምንጩ ክፍት መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ዋስትናው የሚያነበው ሰው ነው።

ረ. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ለማኅበሩ ይቀርባሉ።

1. በአምቦና በሌሎች ከተሞች ያሉ የቴክኖሎጂ መምህራን፣ የተመራቂ ተማሪዎች የመጨረሻ ሥራ በየዓመቱ ተጽፎ ከመደርደሪያ ከሚወጣ፣ ቢያንስ ከፊሉ በሥራ ላይ ላለ ክፍት ፕሮጀክት የሚላክ እርማት እንዲሆን ቢያደርጉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ለጀማሪው መግቢያ ይሆናል፤ ከመግቢያው ቀጥሎ ግን የሚሠራበት መስክ ሊዘጋጅለት ይገባል።

2. መሥሪያ ቤቶች ክፍት ሶፍትዌር የሚያለማምድላቸውን ባለሙያ ሲያዋውሉ፣ የሚጻፈው እርማት ወደ ምንጩ እንዲመለስ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ።

3. የማኅበሩ አባል ሁሉ በየሥራው ያጋጠመውን አንድ ጉድለት መርጦ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሚገባ የተጻፈ ማመልከቻ ለሚመለከተው ፕሮጀክት ቢልክ።

በምዕራብ ሸዋ ገጠር በደቦ የታጨደለት ገበሬ፣ የጎረቤቱ ተራ ሲደርስ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። አዝመራው ከዝናብ የሚድነው በአንድ ሰው ጉልበት አለመሆኑን ያውቃልና ማንም አያስገድደውም። የኢትዮጵያ ፊደልም ከኮምፒዩተር የገባው በሩቅ ሰዎች ደቦ ነው። ያ ማሳ አሁንም አረም አለበት፤ ሁድሃው ይወድቃል፣ ጳጉሜን ይዘለላል፣ የአያት ስም ቦታ ያጣል። እነዚህን አረሞች ከሰብሉ ለይቶ የሚያውቃቸው በየዕለቱ ማሳው ውስጥ የሚውለው ባለሙያ ነው።